ያላደረስኩት ደብዳቤ

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ያለነው ሰዎች ስድስት ነን። ስማችንን አልጽፍም። ሰፈራችን ጠባብ ነው፤ የሚያውቀን ያውቀናል፣ ለማያውቀን ደግሞ ስሙ ምንም አይጨምርለትም።

የመጀመሪያዋ ልጄ ናት። ይህ ሁሉ ሲጀመር አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። ታላላቆቿ ትዳር ይዘው ከወጡ በኋላ ቤት የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ሁለተኛዋ እናቷ ናት፤ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ዕድሜዋን ሙሉ ቆማ ሠርታ ጡረታ የወጣች ባለቤቴ። ሦስተኛዋ አንዲት ሐኪም ናት፤ በዕድሜ ከትልቋ ልጄ የማትበልጥ። አራተኛው የልጄ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነው፤ የተማሪዎቹን ነገር የሚከታተል፣ በሰፈራችን እድርም አባል የሆነ ሰው። አምስተኛው ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ በፋብሪካው ጥገና ክፍል አብሮኝ ይሠራ የነበረ መካኒክ ነው። ስድስተኛው እኔ ነኝ።

ፊደል የቆጠርኩት እዚሁ አቃቂ፣ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከፈረቃ በኋላ፣ ዘይት በነካው እጄ። ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ የለም። የማሽን መመሪያ መጽሐፍና መዝገበ ቃላት ጎን ለጎን ዘርግቼ ራሴን አስተማርኩ። ለዓመታት የእድራችን ጸሐፊ ነበርኩ። የሰፈሩ ሰው ከመንግሥት ቢሮ ደብዳቤ ሲደርሰው ወደ እኔ ያመጣዋል፤ አነብለታለሁ፣ መልሱን እጽፍለታለሁ። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ቤቴ ውስጥ ውሸት አይነገርም። ልጄ ሰባት ዓመቷ ሳለ ብርጭቆ ሰብራ «ድመቷ ናት» ስላለች ግማሽ ቀን አንበርክኬያታለሁ። «ብርጭቆውን ነገ እገዛዋለሁ፤ የዋሸሽኝን ግን የት ሄጄ ልመልሰው?» ነበር ያልኳት። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም።

መጀመሪያ የያዛት ሚኒባስ ውስጥ ነው። አንድ ቅዳሜ ሳሪስ ሄደን አጋዥ መጻሕፍት ገዝተን ስንመለስ ከኋላ ወንበር አራት ሆነን ተጣብበን ነበር፤ እሷ መስኮቱ ጥግ። ቃሊቲ ልንደርስ ስንል መኪናው መንገድ ተዘግቶበት ቆመ። ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«አባባ፣ ልውረድ።»

«ምን ሆነሽ? ደርሰናል እኮ።»

«ልቤ... ልሞት ነው። አባባ፣ ልሞት ነው!»

የሰው እግር እየረገጠች ወደ በሩ ሄደች። ረዳቱ «እዚህ ማውረድ ያስቀጣናል፣ እህቴ» ማለት ጀምሮ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ግን በሩን ከፈተው። ተከትያት ወረድኩ። አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብላ አየሩ ያለቀባት ይመስል ትንፋሿን እየነጠቀች ትስባለች። ጣቶቿ ተኮማትረው አልዘረጋ ብለዋል። ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «ውኃ!» ይላል፣ ሌላው «ገለል በሉላት!» እያለ ራሱ ይጠጋል። መንገድ ዳር ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት መጥታ ክብሪት ጫረች፤ እፍ ብላ አጠፋችና ጭሱን አፍንጫዋ ስር ያዘችላት። ይህ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው የሚደረግ ነው።

«ክብሪቱን አርቂው» አልኳት። «እንዲህ ያለ በሽታ በዘራችን የለም።»

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝ። «ዘርዎን ማን ጠየቀዎ፣ አባቴ? ልጅቷን ይያዟት እንጂ!»

አልያዝኳትም። እውነቱን ለመጻፍ ስለተቀመጥኩ እጽፈዋለሁ፦ ልጄ ሞት ፊት ለፊቷ ቆሞ እያየች ነበር፤ እኔ የማየው ክብሪቱን ነበር። «ተነሺ፣ ሰው እያየ ነው» አልኳት። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ለቀቃት። የቀረውን መንገድ በእግራችን ስንሄድ መጻሕፍቱን እኔ ይዤ ከፊት ከፊት፣ እሷ ከኋላዬ ነበረች።

በሳምንቱ ክፍል ውስጥ ደገማት። ከዚያ ደግሞ ቤት፣ ምንም በሌለበት፣ ልብስ እያጠበች። አንድ ክሊኒክ ሄደን ልቧን በማሽን አዩና «ልቧ ከእኔም ከእርስዎም ይሻላል» አሉን። ሌላው ደሟን መርምሮ ታይፎይድና ታይፈስ አለባት አለ። ሦስተኛው ጨጓራ ነው አለ። መስኮቱ ደፍ ላይ ጠርሙስ በጠርሙስ ሆነ። ባለቤቴ ጠርሙሶቹን እያየች «አንተ ሰው፣ ይቺ አንድ ፍሬ ልጅ ስንት በሽታ ነው የተሸከመችው?» አለችኝ።

እኔ የራሴ ምርመራ ነበረኝ። ስልክ ነው አልኩ፤ ስልኳን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩት። ስንፍና ነው አልኩ፤ ጎሕ ሲቀድ አስነስቼ ሂሳብ አሠራኋት። ፍርሃት የሚይዘው ሥራ የፈታ ሰው ነው ብዬ ሰበክኳት። ታዛዥ ልጅ ናት። ተነስታ ሠራች። እርሳሱ በጣቶቿ መካከል ሲንቀጠቀጥ አይቼ «ብርዱ ነው» ብዬ አለፍኩ።

እናቷ ሁለት ሳምንት ፀበል ወሰደቻት። በመጨረሻው ቀን አንድ ሽማግሌ ቄስ ልጅቷን አነጋግረው ሲያበቁ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ፀበሉን አትተዪ። ግን የጭንቀት ሐኪም ዘንድም ሂጂ። እኔም የስኳር መድኃኒቴን ውጬ ነው መጥቼ የማጠምቃችሁ።» ባለቤቴ ይህን እየሳቀች ነገረችኝ። እኔ አልሳቅኩም።

«የእብድ ሐኪም ማለታቸው ነው» አልኩ።

የጓዳው መጋረጃ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ልጄ ከኋላው ነበረች። የተናገርኩትን መመለስ እችል ነበር፤ አልመለስኩትም።

በመጨረሻ የሄድኩት ደግነት አስገድዶኝ አይደለም። ልጅቷ ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ ከቤት ትወጣለች፣ የትምህርት ቤቱ በር ድረስ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ስምንት ቀን እንዲህ አደረገች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አራት ወር ቀርቶት ነበር። በዘመዶቼ ሁሉ ዩኒቨርሲቲ የረገጠ የለም፤ ታላላቆቿም አልሆነላቸውም። እሷ ግን ትችል ነበር። መምህሮቿ ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ እሷም ታውቀዋለች። ያለን እሱ ብቻ ነበር።

የመንግሥት ሆስፒታል ነው። የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ አግዳሚ ላይ ባርኔጣዬን ቅንድቤ ድረስ ጎትቼ ተቀመጥኩ። የድሮ ጎረቤታችን በኮሪደሩ ሲያልፍ ሳይ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ልጄ አየችኝ። ሐኪሟ ስትጠራን ሁለታችንም ተነሳን።

«አባባ፣ እርስዎ ትንሽ ይቆዩ። መጀመሪያ እሷን ብቻዋን ላናግራት።»

«አባቷ ነኝ።»

«ለዚህ ነው» አለችና በሩን ዘጋችው።

ተናድጄ ልሄድ አስቤ ነበር። በኋላ ስታስገባኝ ልጄ አልቅሳ፣ ፊቷ ግን ቀሎት አገኘኋት። ሐኪሟ በሽታው ስም እንዳለው፣ ብዙ ሰው እንደሚይዘው፣ እንደሚታከም ነገረችን። ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ነው፤ ፓኒክ ይሉታል። አደጋ ሳይኖር ሰውነት አደጋ መጣ ብሎ ይነሳል፤ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል። አይገድልም፤ የያዘው ሰው ግን እየሞተ ነው የሚመስለው።

«አስመስላ አይደለም ማለት ነው?» አልኩ።

«አስመስላ አይደለም።»

አሰብኩ አሰብኩና በማውቀው ነገር ገባኝ። «ሽመና ማሽን ላይ በያንዳንዱ ክር አንድ ስስ ብረት ይንጠለጠላል» አልኳት። «ክር ሲበጠስ ብረቱ ይወድቅና ማሽኑን ያቆመዋል። ብረቱ ራሱ ሲበላሽ ግን ክሩ ሳይበጠስም ያቆመዋል። ጀማሪ መካኒክ ከሆነ የተበጠሰ ክር ሲፈልግ ይውላል።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አባባ፣ ከዛሬ ወዲያ ለታካሚ የማስረዳው በዚህ ነው።»

ልጄ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ሁለት ወር አልፎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት በሕይወቴ ከኖርኳቸው ሁሉ የተሻሉ ነበሩ ብል ማጋነን አይደለም። በየሳምንቱ ከሐኪሟ ጋር ትነጋገራለች። ትንሽ ነጭ ክኒን ማታ ማታ ትውጣለች። ትንፋሿን በቁጥር ማስገባትና ማስወጣት ተማረች። ሚኒባስ ደግሞ በልክ በልክ እንድትለማመድ ታዘዘች፦ በመጀመሪያው ሳምንት ፌርማታው ላይ ቆሞ ማየት ብቻ፣ በሚቀጥለው አንድ ፌርማታ ተጉዞ መውረድ። አብሬያት የምሄደው እኔ ነበርኩ። ተሳፍረን ወዲያው «ወራጅ አለ» ስል ረዳቶቹ ይስቁብኛል።

«ፋዘር፣ ለዚህች ነው እንዴ የገባችሁት? በእግር ሄዳችሁ ቢሆን ቀድማችሁን ትደርሱ ነበር!»

«ለዚህች ነው» እላለሁ። ወርደን ቀጣዩን እንጠብቃለን። አንድ ቀን መንገዱ ተዘግቶ መኪናው ቆመ፤ ልክ እንደዚያ ቀን። ዓይኗን ጨፍና ስትቆጥር ከንፈሯን አያለሁ። መኪናው ሲንቀሳቀስ «አለፈ» አለችኝ በሹክሹክታ። ሰባት ፌርማታ ደርሰን ነበር። ሳሪስ ለመድረስ የቀረን ትንሽ ነበር።

ፈተናው ሊደርስ ሲል ሐኪሟ ደብዳቤ ጻፈች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አሁን በየሰፈሩ ትምህርት ቤት አይሰጥም፤ ተማሪዎቹ በአውቶቡስ ተጭነው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይወሰዳሉ፣ ፈተናው እስኪያልቅ እዚያው ያድራሉ፣ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ደብዳቤው በር አጠገብ እንድትቀመጥ፣ ሕመሙ ከመጣባት ከፈታኝ ጋር ወጥታ ለአምስት ደቂቃ ተንፍሳ እንድትመለስ ይጠይቃል። «ይህን ለትምህርት ቤቱ ስጡ፤ እነሱ ከተማሪዎቹ ዝርዝር ጋር ይልኩታል» አለች። ከዚያ ወደ ልጄ ዞራ «መውጣት እንደምትችዪ ካወቅሽ ላትወጪም ትችያለሽ» አለቻት። ልጄ ራሷን ነቀነቀች። ይህን ዓረፍተ ነገር ቤት እስክንደርስ ለራሷ ስትደጋግመው ነበር።

ደብዳቤውን የያዝኩት እኔ ነኝ። በቤታችን የወረቀት ጉዳይ የእኔ ነው።

ከፖስታው አውጥቼ አነበብኩት። ራስጌው ላይ «የአእምሮ ሕክምና ክፍል» ይላል። ግርጌው ላይ ክብ ማኅተም አለ።

አሁን የሞተውን ሰው ላምጣ። ያ መካኒክ ሚስቱ ሞታበት እንቅልፍ አጥቶ ሁለት ወር የአእምሮ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ድኖ ተመለሰ። ከእሱ የተሻለ እጅ በጥገና ክፍል አልነበረም። ከሆስፒታል የመጣው አንድ ገጽ ወረቀት ግን በግል ማኅደሩ ውስጥ ገባ። የፎርማንነት ቦታ በተከፈተ ቁጥር ማኅደሩ ይወጣል፣ ያ ገጽ ይገለጣል፣ ማኅደሩ ይዘጋል። ይህን የማውቀው ከሠራተኛው ተወክዬ በዕድገት ኮሚቴው ውስጥ ስለነበርኩ ነው። ወረቀቱን አይቼ «እሱ ለጊዜው ይቆይ» ካሉት አንዱ እኔ ነኝ። ሰውየው ጡረታ እስኪወጣ ከነበረበት ንቅንቅ ሳይል ቆየ። አንድ ቀንም አልጠየቀኝም። በየማለዳው «እንዴት አደርክ» ይለኝ ነበር።

ስለዚህ የፈራሁት ሌላ ሰው የሚያደርገውን አልነበረም። እኔ ያደረግኩትን ነው።

ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ዩኒት ሊደሩ በር ላይ አገኘኝ።

«ጋሼ! ምነው በሰላም?»

«በሰላም ነው። ስለ ልጄ ትንሽ ላናግርህ ብዬ።»

«እሷማ ምን ወጥቷት! ከምንኮራባቸው አንዷ ናት።»

ፖስታው ኮቴ ውስጥ ነው፤ በብብቴ ይዤዋለሁ። ይህ ሰው እሑድ እሑድ የእድር ስብሰባ ላይ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል። ሚስቱ ከሚስቴ ጋር ገበያ ትወጣለች።

«አንዳንዴ ጨጓራዋን ያማታል» አልኩ። «ፈታኞቹ ቢያውቁት ብዬ ነው።»

ሳቀ። «ጋሼ፣ በዚህ ሰሞን ጨጓራ የሌለበት ተማሪ የለኝም። እኔንም ራሴን እያቃጠለኝ ነው! የምንመዘግበው የሐኪም ወረቀት ያመጣ ብቻ ነው። ወረቀት አላት?»

ቁርጥ አድርጎ ጠየቀኝ። ማምለጫ አሳጣኝ፤ ቢያንስ እዚህ ላይ እውነቱን ማውጣት ነበረብኝ።

«የለም» አልኩ።

ቤት ስመለስ ልጄ ደጃፍ ላይ ትጠብቀኝ ነበር።

«አባባ፣ ደብዳቤውን ሰጡት?»

«ሰጥቼዋለሁ።»

«ምን አለ?»

«ይመዘገባል አለ።»

ትምህርት ቤት የዋሸሁትን ለመሸፈን ቤት ደግሞ ሁለት ዋሸሁ። ደብዳቤውን ሳላጥፈው በአሮጌው የሽመና ማሽን መመሪያ መጽሐፌ መካከል አስገባሁት። ልቀደው አልቻልኩም፤ ወረቀት ቀድጄ አላውቅም። ለራሴ የነገርኩት ይህ ነው፦ ድናለች፣ ሰባት ፌርማታ ሄዳለች፣ አያስፈልጋትም፤ ፋይሏም ንጹሕ ሆኖ ይኖራል።

የሄዱበት ቀን ተማሪዎቹ ብርድ ልብስና አንሶላ ተሸክመው አውቶቡሶቹ ጋ ተሰለፉ። ልጄ ከመሳፈሯ በፊት ተመልሳ መጣች። «ወንበሬ በር አጠገብ ነው፣ አይደል?»

«አዎ።»

ጉልበቴን ሳመችና ገባች። በመስኮቱ እጇን ስታወዛውዝ ፊቷ ላይ ፍርሃት አልነበረም። አምናኝ ነው።

ከዚያ ወሬ የለም። በሁለተኛው ቀን መጽሐፉን ገልጬ ደብዳቤውን አየሁት። በሦስተኛው ቀን ብብቴ ስር ይዤ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ፤ ዘበኛው ዩኒት ሊደሩ ከተማሪዎቹ ጋር አብሮ መሄዱን ነገረኝ። ይዤው ተመለስኩ። ባለቤቴ እንዲቀናት ጾማ ትጸልያለች፤ እኔ አብሬያት ለመቆም ድፍረት አጣሁ።

ስትመለስ ከአውቶቡሱ የመጨረሻዋ ሆና ወረደች። ቤት ገባን። ከዚያ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለእናቷ ነገረቻት፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ።

የመጀመሪያው ቀን ደህና ነበር። በሁለተኛው ቀን ሂሳብ ነው። ወንበሯ በር አጠገብ ሳይሆን መሐል ላይ፣ ግራና ቀኝ ሰው ያለበት ነበር። ፈተናው ተጀምሮ ጥቂት እንደቆየ መጣባት። ቆጠረች። አልለቃትም። እጇን አወጣች።

«የሐኪም ደብዳቤ አለኝ፤ አምስት ደቂቃ ልውጣ» አለችው ፈታኙን።

ፈታኙ ክፉ ሰው አልነበረም። ዝርዝሩን አየ። «ስምሽ እዚህ የለም፣ እህቴ።»

«አባቴ ሰጥተዋል። እባክህ ደግመህ እየው።»

ደግሞ አየ። ሌላ ፈታኝ ጠራ፤ እሱም አየ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ ያያታል። ከኋላ አንዱ ሳቀ። «ያለ ወረቀት የወጣ ተመልሶ አይገባም። እውነት ደብዳቤ አለሽ?» አላት ሁለተኛው።

«አለኝ!» አለች ልጄ። «አባቴ አይዋሹም!»

ከዚያ መቀመጥ አልቻለችም። ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ወደቀች። የሂሳብ ወረቀቷ ግማሹም ሳይሠራ ተሰበሰበ። በቀሩት ቀናት ገብታ ተቀመጠች፤ ጥያቄውን ታየዋለች፣ ፊደሉ ይዋኛል፣ ሰዓቱ ያልቃል።

ባለቤቴ ነጠላዋን አነሳች። «ሰው የሰው ልጅ ወረቀት ተቀብሎ እንዴት ይጥላል? በእድሩ ፊት ነው የማቆመው ይህን ሰውዬ!»

ልጄም ቀና አለች። «አባባ፣ ረስቶት ይሆን እንዴ? ወይስ ጠፍቶበት?»

እዚህ ላይ የአንድ ቃል መንገድ ነበረችኝ። «ይሆናል» ብል ያልፋል። ሰውየው ቢክድ ማን ያምነዋል? የእድሩ ጸሐፊ፣ ውሸት የማያውቅ ሰው፣ እኔ ነኝ። ለአፍታ ያህል አሰብኩት። እንዳሰብኩትም እጽፋለሁ።

«ተመለሺ» አልኳት ባለቤቴን።

መጽሐፉን አውርጄ ገለጥኩና ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አንድ እጥፋት እንኳ አልነበረበትም።

ልጄ አነሳችው። እስከዚያ ቀን አንብባው አታውቅም ነበር። ከላይ እስከ ታች ቀስ ብላ አነበበች፤ ደግማ አነበበች፤ አንድ የምትፈልገው ነገር ያለ ይመስል።

«ምንም ክፉ ነገር አልተጻፈበትም እኮ፣ አባባ» አለች።

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እናቷ ነጠላዋን እንደያዘች ቆማለች። እሷ ማንበብ ያዳግታታል፤ ስሟን ለመፈረም እንኳ ጊዜ ይወስድባታል። «እኔ ብይዘው ኖሮ አንብቤ አልጨርሰውም ነበር» አለችኝ። «ግን አደርሰው ነበር።»

በማግስቱ ዩኒት ሊደሩ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። «ወረቀት አላት ወይ ብዬዎት ነበር እኮ» አለ። ሆስፒታልም ሄድኩ። ሐኪሟ ስታዳምጠኝ ፊቷ ላይ ቁጣ ፈለግኩ፤ ድካም ብቻ አገኘሁ። «ይቅርታ የሚጠይቁት እኔን አይደለም» አለችኝ። «እሷ ትድናለች፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ። እርስዎስ ስለዚህ ነገር የሚያነጋግሩት ሰው አለ?»

«እኔ ደህና ነኝ» አልኳት። እሱም ውሸት ነበር።

ውጤት መጣ። አላለፈችም። ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ፤ ሚኒባስ ሲቆም ገና ከሩቅ ስታየው ፊቷ ይለዋወጣል። አንድ ጠዋት ልጄ ሳሪስ አቦ አክስቷ ቤት ልትኖር መሆኗን እናቷ ነገረችኝ። ባጃጅ ልጥራ ብል ልጄ እንቢ አለች። ሻንጣዋን እናቷ ይዛላት፣ ሁለቱ በእግር ተነሱ። እኔ ሃምሳ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቼ ተከተልኳቸው። ዋናው መንገድ ዳር ከባድ መኪናው አቧራውን ያለብሰናል፤ ሚኒባሶቹ እያለፉ «ሳሪስ፣ ሳሪስ!» ይላሉ። አብረን የወረድንባቸውን ፌርማታዎች አንድ በአንድ አለፍን፤ እኔ ቆጠርኳቸው፣ እሷም የቆጠረች ይመስለኛል። መከተሌን ታውቃለች፤ አንድ ጊዜ ጫማዋን ልታስር ጎንበስ ስትል አይታኛለች። አልጠበቀችኝም፣ ሂድም አላለችኝም። አክስቷ በር ስትደርስ ገባች፤ በሩ ተዘጋ። እዚያ ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ።

አሁን ከአክስቷ ጋር ወደዚያችው ሐኪም እየተመላለሰች ነው። ፌርማታውንም እንደገና ከአንድ ጀምራለች አሉኝ፤ አብራት የምትወርደው አክስቷ ናት። በበዓል ስትመጣ ጉልበቴን ትስማለች፣ የምጠይቃትን ትመልስልኛለች። ስለ ምንም ነገር ግን አትጠይቀኝም።

እንደ እኔ ያላችሁ አባቶች፣ ልጃችሁ ልሞት ነው ስትል ሰው አየን ወይ ብላችሁ ዞራችሁ አትዩ። ሌላ ምክር የመስጠት መብት ያለኝ አይመስለኝም።

ጸሐፊነቱን በፈቃዴ ለቅቄያለሁ፤ መዝገቡን ከማስረከቤ በፊት ግን ይህን ደምሬያለሁ። ፍርሃቴ ልጄን አንድ ዓመት፣ አንድ ፈተናና ሰባት ፌርማታ አስከፍሏታል። ሐኪሟን የሦስት ወር ድካሟን። ዩኒት ሊደሩን ሚስቴ ነጠላዋን አንስታ ልትከስሰው የተነሳችበትን ያን ደቂቃ፤ ከዚያ ወዲህ «ጋሼ» ብሎኝ አያውቅም። የሞተውን መካኒክ አንድ ፎርማንነት፤ እሱን በሕይወት ሳለ ነው ያስከፈልኩት። ባለቤቴን ልጇን፤ በሳምንት ሁለት ቀን ሳሪስ ድረስ ሄዳ ታያታለች። እኔን ደግሞ ልጄ በዚያ አዳራሽ መካከል ቆማ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ስለ እኔ የተናገረቻትን ሁለት ቃል።